ቋጠሮ ያለበት ሜትር

ቋጠሮው አልፈታ አለ። በጥፍሯ ሞከረች፣ በጥርሷ ሞከረች፤ በመጨረሻ ከእናቷ የስፌት ሳጥን መርፌ አውጥታ ልትጎረጉረው ስትል አክስቷ የመኝታ ቤቱን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ ሳሎኑ በሰው ጢም ብሎ አንቺ እዚህ ስፌት ይዘሻል?»

«ስፌት አይደለም እትዬ። ይኼ የእማዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ምን ሆና ነው እንዲህ የቋጠረችው?»

አክስትየዋ ያቀፈችውን የሻይ ፔርሙዝ ሳታስቀምጥ አንገቷን አስግጋ አየች። ቢጫ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ቁጥሮቹ ደብዝዘዋል፤ መሐሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቋጠሮ አለበት።

«የሥራ ሜትሯ ነው። ወርውሪው፤ ለሷም አልበጃት። ይልቅ ፊትሽን ታጠቢና ውጪ፤ ሰው ምን ይላል።»

ሐኪሟ ሜትሩን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሰፈሩ በስሟ አይጠራትም፤ ከውጭ ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ጀምሮ «ሐኪሟ» ነው የሚላት። ሥራዋ የሕፃናትን አንጎል በምስል ማየት ነው። ከአፈጣጠሩ የጎደለውን፣ የጠበበውን፣ ሳይከፈል የቀረውን ከጥቁርና ነጭ ጥላ ውስጥ ለይታ ታወጣለች። ዛሬ ጠዋት እናቷን ሲቀብሩ ግን ምን እንደገደላት እንኳ በቅጡ አላወቀችም። ልብ ነው አሏት። ተኝታ አልነቃችም፣ በቃ።

ሳሎኑ ውስጥ የኪራይ ፕላስቲክ ወንበሮች ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተዋል። ወሬው ሁሉ ስለ እናቷ፣ ሰፈሩ «ሲስተር» ስለሚላት ነው። ሠላሳ ዓመት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ለክትባት የሚመጣውን ሕፃን ሁሉ ጭንቅላቱን ዙሪያውን በሜትር ለክታ፣ ካርዱ ላይ ነጥብ አድርጋ፣ ነጥቦቹን በመስመር የምታገናኘው እሷ ነበረች።

«ሚስቴ ጭንቅላትህ ትልቅ ነው ስትለኝ፣» አለ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ፣ «ሲስተር ለክታ ልክ ነው ብላ ጽፋለች፣ ማስረጃ አለኝ እላታለሁ።»

ሰዎቹ ሳቅ አሉና ወዲያው ፊታቸውን መልሰው አጠቆሩ። ጥግ ላይ የተቀመጠው አናጺ ብቻ አልሳቀም። ከጎኑ ልጁ ተቀምጣለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ አያይም። ሰዎች አናጺውን በጎን እያዩ ይንሾካሾካሉ።

ከኋላ ቤት የተከራየችው ወጣት እናት ሕፃኗን አቅፋ ገብታ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ ሐኪሟ አጠገብ ተቀመጠች። አምስት ወር የሆናት ሴት ልጅ ናት። ሐኪሟ አጽናኞቿን እየሰማች ሳለ ዓይኗ ሕፃኗ ላይ ቀረ። የሕፃኗ ዓይኖች ወደ ታች ሰመጥ ብለዋል፤ ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይታያል።

«ይቺ ልጅ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ትንሽ ታስመልሳለች። እንቅልፍም ታበዛለች፣ ግን ሰው ሁሉ ታድለሽ ነው የሚለኝ።»

«ካርዷን ይዘሻል?»

ከዳይፐር ቦርሳው አወጣችላት። የመጨረሻው ልኬት ከአራት ቀን በፊት፦ አርባ ሦስት ነጥብ ስድስት ሴንቲሜትር። ነጥቡ የጤናማ ልኬት ወሰን ከሆነው የላይኛው መስመር ሥር፣ ለጥቂት፣ ግን ሥር ነው። ሐኪሟ መዳፏን የሕፃኗ እርግብግቢት ላይ አሳረፈች። ተወጥሯል። ሕፃኗ ግን በዚያች ቅጽበት ማልቀስ ጀመረች፤ ሲያለቅስ ደግሞ የማንም ሕፃን እርግብግቢት ይወጠራል።

እጇን መለሰች። ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሙያዋ መንገድ ላይ እንኳ የሰውን ጭንቅላት እንደ ጭንቅላት ብቻ እንዳታይ አድርጓታል፤ አውቶቡስ ውስጥ ግንባር ትመረምራለች። ካርዱ ልክ ነው ይላል። እሷ ማን ናት?

ከስምንት ዓመት በፊት በስልክ የተናገረችው ነገር ድንገት ትዝ አላት። ያኔ ሩቅ አገር፣ የተማሪዎች ማደሪያ መስኮት ሥር ቆማ ነበር። እናቷ «ሜትሬ ዋሽቶኝ ኖሯል። ልጆቹን ሁሉ እየዞርኩ እንደገና እለካለሁ» አለቻት። እሷ በዚያ ሳምንት ኤምአርአይ የሚባለውን ትልቅ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ አይታ ልቧ አብጦ ነበር።

«እማዬ ተይው፣ በሜትር አንጎል አይታይም» አለቻት።

እናቷ መለሰች፦ «አይታይም። ማን መታየት እንዳለበት ግን ይታያል።» ከዚያ ወዲህ ስለ ሜትር አላነሳችባትም። እሷም አልጠየቀችም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አናጺው ወንበር ሊያስተካክል ቀድሞ መጣ። የአንዱን ወንበር እግር በእጁ እየመዘነ፣ «የእናትሽን የሬሣ ሣጥን ስሠራ ሁለት ጊዜ ለካሁ፣» አለ። «ደግመህ ለካ የምትለኝ መሰለኝ።»

ሐኪሟ ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ አሳየችው። «ጋሼ፣ ይኼን ለምን እንደቋጠረችው ያውቃሉ?»

ወንበሩን አስቀመጠና ራሱ ተቀመጠበት።

«አልነገረችሽም?»

«ልትነግረኝ ጀምራ ነበር።»

አናጺው ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ግን እንደ ሥራ ትእዛዝ በተራ በተራ ነገራት። ልጁ ስትወለድ ጤነኛ ነበረች። በየወሩ ሲስተር ትለካታለች፣ በየወሩ ልክ ናት። በአሥረኛው ወር ዓይኗ መዞር ሲጀምር ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷት። ከአፈጣጠሯ አንጎሏ ውስጥ የሚመነጨው ውሃ የሚወርድበት ቦይ ጠቦ ኖሮ፣ ውሃው ሲጠራቀም ወራት አልፈዋል። ቱቦ አስገቡላት፣ ዳነች። ዓይኗ ግን አልተመለሰም።

«እናትሽ ካርዱን ይዛ ሦስት ቀን ቤቷ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ወርክሾፔ መጣች። ይቺን ሜትር የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና ያንተን የብረቱን አውጣ አለችኝ። አወጣሁ። ጎን ለጎን አጋደምናቸው። የኔ መቶ ሲል የሷ ዘጠና ሰባት ይላል።»

«ተለጥጧል።»

«ተለጥጧል። ለምን መሰለሽ? ከንጽሕናዋ ብዛት። በየሳምንቱ በፈላ ውሃና በበረኪና ታጥበዋለች። ሲደርቅ እንዳይጠቀለል ብላ ጫፉ ላይ ከባድ የብረት መቆንጠጫ አንጠልጥላ ትሰቅለዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ። ያኔ ሌላ ነርስ እንደዚያ አያጥብም፤ ሌላው ሜትር ቢቆሽሽም ልክ ነበር።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሲለጠጥ ቁጥሩ ያንሳል። ትልቁን ጭንቅላት ትንሽ ያስመስለዋል። ያን ቀን፣ ቆማ፣ ልጅህን ያሳለፍኳት እኔ ነኝ አለችኝ። ለማንም ሳትነግር መጀመሪያ ለኔ።»

«እርስዎስ?»

«መዶሻ በእጄ ነበር። ወርክሾፑን ለቀሽ ውጪ አልኳት። ወጣች። በማግስቱ ያን ሜትር ማንም እንዳይለካበት ቋጥራ፣ የማይለጠጥ ሜትር ገዝታ ቤት ለቤት ዞረች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ልጅ። እንደ ልጄ የታመሙ ሁለት አገኘች፣ ሁለቱም በጊዜ ደረሱ፤ ዛሬ ኳስ ሲራገጡ ታያቸዋለሽ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሕዝቡ ክትባት ይተዋል፣ አፍሽን ያዢ አላት። እምቢ አለች። ከዕድሜዋ በፊት ጡረታ አወጧት። እኔ ይቅር አላልኳትም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ግን ከስድስት ወር በኋላ በሯ ላይ አዲስ መዝጊያ ሠርቼ ገጠምኩ። ሒሳቡን ስትጠይቀኝ መሣሪያዬን ሰብስቤ ሄድኩ። እንደዚያ ነው የኖርነው።»

ሐኪሟ ሜትሩን እያየች ሌላ ነገር አሰበች።

«ጤና ጣቢያው አሁን በምን ነው የሚለካው?»

«እኔ ምን አውቄ። ከዚያ ወዲህ ያን ግቢ አልረገጥኩም።»

የማይለጠጠው ሜትር በእናቷ የእጅ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመነጽሯ አጠገብ ነበር። ይዛው ወደ ኋላ ቤት ሄደች። ሕፃኗ ተኝታለች። ሐኪሟ ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻትና እርግብግቢቷን ዳሰሰች። ሳታለቅስም ተወጥሯል። ሜትሩን ከቅንድቧ በላይ፣ ከኋላ ደግሞ ከጭንቅላቷ ጉብታ ላይ አዙራ ለካች። ፈታች። እንደገና ለካች። ሦስተኛ ለካች። አርባ አምስት።

በአምስት ቀን ይኼን ያህል የሚያድግ ጭንቅላት የለም፤ የዋሸው የጤና ጣቢያው ሜትር ነው። እውነተኛው ልኬት የካርዱን የላይኛውን መስመር አልፎ ሄዷል።

«ዛሬውኑ ምስል መነሣት አለባት። እርግብግቢቷ ክፍት ስለሆነ በአልትራሳውንድ በዚያ በኩል አያታለሁ፤ አያማትም።»

ወጣቷ እናት ልጇን ተቀብላ ወደ ደረቷ ጨመቀቻት። «ባሌን ልጠይቅ» አለች። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። ባሏ ኃላፊውን ጠይቆ ነበር። ኃላፊው ልኬታችን ልክ ነው ብሎታል። «ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ነገር ይታየዋል፣ አትቀየሟት ብለዋል። ዶክተርዬ፣ ሰዎች ጭንቅላቷን ትከፍቱታላችሁ ይላሉ። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ።»

ያን ሌሊት ከጎኗ የተጋደመችው አክስቷ እንቅልፍ አልወሰዳትም። «ምን ልታደርጊ ነው?» አለች በጨለማው ውስጥ።

«እነግራቸዋለሁ።»

«ሰው የሚወዳት እንከን የለባትም ብሎ ነው። የአናጺው ልጅ ነገር ሐሜት ሆኖ ደክሞ ሊረሳ ነው። አንቺ ገና አፈሩ ሳይደርቅ ልጇ ሆነሽ ልትመሰክሪባት?»

ሐኪሟ ውጭ ስትማር አስተማሪዋ የተሳሳተ ምስል ያነበበ ሐኪም በሁሉም ፊት እንዲያብራራ ያደርግ ነበር፤ ያኔ ይኼ የሠለጠነ አገር ሥርዓት ነው ብላ ተደንቃለች። እናቷ በአንዲት ጠባብ ወርክሾፕ፣ መዶሻ በያዘ ሰው ፊት፣ ማንም ሳያስገድዳት ስታደርገው እሷ ስልኩን ቸኩላ ዘግታለች።

በሦስተኛው ቀን የጤና ጣቢያው ሰዎች ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው በአንድነት መጡ። ኃላፊው ሽበቱን በውሃ ያበጠረ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«በሠላሳ ዓመት አገልግሎቷ፣» ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ «አንድም ስህተት ያልተገኘባት...»

«ተገኝቶባታል» አለች ሐኪሟ።

አክስትየዋ የቀሚሷን ጫፍ ከኋላ ይዛ ጎተተቻት። ሐኪሟ እየተጎተተችም ቆመች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይኼን ሲያነቡ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። ስህተት ተገኝቶባታል። ያገኘችው ራሷ ናት። ሜትሯ ተለጥጦ የአንድ ልጅ ዓይን ጠፍቷል። ልጅቷም አባቷም እዚህ አሉ። እናቴ ይኼን ስትናገር እርስዎ ዝም በይ ብለዋታል።»

ሻይ ሲቀዳ የነበረው ሰው ብርጭቆውን ሞልቶ አፈሰሰው። ኃላፊው ወረቀቱን አጠፈ።

«የኔ ልጅ፣ የለቅሶ ቤት ነው። ነገ ቢሮ እንነጋገር። እኔ ያኔ የፈራሁት ለሕዝቡ ነው። እናቶች ካመኑን ነው የሚመጡት።»

«ነገ ይደርሳል። ዛሬ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የምትለኩበት ሜትር የት አለ?»

ከነጭ ለባሾቹ መሐል አንዲት ወጣት ነርስ እጇን ወደ ካፖርቷ ኪስ አስገባች። ኃላፊው አያት። እሷ አላየችውም። ቢጫ ሜትር አውጥታ ሰጠች።

«እንዴት ነው የምታጥቡት?»

«ሲስተር ታጥብ እንደነበረው ነው፤ ከወጣች በኋላ የድሮዎቹ ነርሶች አስተማሩን። በበረኪና። ከዚያ መቆንጠጫ አንጠልጥለን እንሰቅለዋለን።» ድምፇ ቀነሰ። «ተዉ ያለን የለም።»

ይኼን ሐኪሟ አልጠበቀችም። የኃላፊውን ጥፋት ልታወጣ ተነሥታ የእናቷ እጅ እንደገና መጣባት። እናቷ የራሷን ሜትር ቋጥራ ወጥታለች፤ ልማዷ ግን ያለ እሷ ቀጥሎ፣ የሌሎቹንም ሜትሮች እየለጠጠ ነበር። ሆኖም አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ የብረቱን ይዘውታል?»

«መቼ ተለይቶኝ ያውቃል» አለ አናጺው። ከቀበቶው ፈትቶ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋውና መቶ ሃምሳ ላይ ቆልፎ አቆመው። ሐኪሟ ቢጫውን ሜትር ከጎኑ አጋደመች፣ መነሻውን ከመነሻው ገጥማ። መቶ ሃምሳ የሚለው ጫፍ ከብረቱ አልፎ ወጣ። የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አልታያቸውም፤ ግማሹ ተነሣ፣ ግማሹ ምን ተባለ አለ።

የአናጺው ልጅ መጥታ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። በአንድ እጇ የብረቱን ጫፍ ያዘች፣ በሌላው የቢጫውን።

«አይገናኙም፣» አለች። «ሦስት ጣት ያልፋል።»

ወጣቷ እናት ሕፃኗን እንደታቀፈች ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ባሏን አየችው። ባሏ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው ጠረጴዛውን እያየ ቆሞ ነበር፤ የሚያነበው ወረቀት በእጁ ውስጥ ተጨማድዷል።

«እንሂድ» አለች ወጣቷ እናት።

«ሦስተኛ ቀን ሳይመሽ ከለቅሶ ቤት ልትወጪ ነው?» አለች አክስትየዋ በር ላይ፣ የሐኪሟን ክንድ ይዛ።

«አዎ እትዬ።»

«ሰው ሲመጣ ምን ልበል?»

«ሥራ ሄደች በይ።»

አክስትየዋ ክንዷን ለቀቀችና ወደ ውስጥ ገብታ ሹራብ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።

የምስል ክፍሉ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ሐኪሟ ቅባቱን በመዳፏ ሞቅ አድርጋ እርግብግቢቱ ላይ ቀባች፤ መሣሪያውን በቀስታ አሳረፈች። እናትየዋ የልጇን እግር ይዛ እስክሪኑን ታያለች። ሁለቱ ትልልቅ የውሃ ጓዳዎች እንደተነፋ ፊኛ ሆነዋል። ሦስተኛውም ሰፍቷል። አራተኛው፣ ከሥር ያለው፣ ትንሽ እንደሆነ ነው። ስለዚህ መዘጊያው በሦስተኛውና በአራተኛው መሐል ነው፦ በአናጺው ልጅ የጠበበው ያው ቦይ። ቸኩላ አልጨረሰችም። ሁለቱን የአንጎል ጎኖች የሚያገናኘውን ድልድይ ፈለገች፤ ሳስቷል፣ ግን አለ። የኋላውን አንጎል ፈለገች፤ በቦታው ነው።

«ንገሪኝ» አለች እናትየዋ።

«የውሃው መውረጃ ጠቧል። ከአፈጣጠሯ ጀምሮ ነው፤ አንቺ ያደረግሽው ወይም ያላደረግሽው ነገር የለም። ቀዶ ሐኪሙ ነገ ጠዋት ይቀበላታል፣ ደውዬለታለሁ። ነገር ሁሉ ደህና ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም፤ የኤምአርአይ ተራ ሲደርሳትም እናያለን። ግን አሁን ዓይኗ እጅሽን እየተከተለ ነው። በጊዜ ደርሰሻል።»

እናትየዋ እጇን ከልጇ ፊት ወደ ቀኝ ወሰደች፣ ወደ ግራ መለሰች። ሕፃኗ ተከተለቻት።

ወደ ቤት ስትመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ወንበሮቹ ግማሹ ባዶ ነው። አንዳንዱ ሰው ሰላምታዋን አልመለሰም። አክስትየዋ ሳሎኑን ትጠርጋለች። ወጣቷ ነርስ ጠረጴዛው አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች።

«አሥራ አንድ ናቸው፣» አለች። «ከየክፍሉ ለቅሜ ያመጣኋቸው። ፈቃድ አልጠየቅሁም። ነገ በምን እንደምንለካ አላውቅም።»

ሐኪሟ የማይለጠጠውን ሜትር ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻት። «ነገ በዚህ። ከዚያ የልጆቹን ዝርዝር ይዘሽልኝ ነይ፤ አብረን እንዞራለን።»

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንዱን ቢጫ ሜትር አነሣች፣ መሐሉን ፈለገች፣ ቋጠረችው። ሁለተኛውን ቋጠረች። አክስትየዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሦስተኛውን አንሥታ መቋጠር ጀመረች። ነርሷም አንድ ወሰደች።

አሥራ አንዱ ሲያልቅ ሐኪሟ የእናቷን ሜትር አወጣች። ቋጠሮው በጥፍሯና በጥርሷ ላልቶ፣ አንድ ጎኑ ሊፈታ ደርሶ ነበር። ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጇ ያዘችና፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ ስባ አጠበቀችው።